የዲኤንኤን ቅጂ ፍጻሜ ስላስተማሩን ስለ መምህርት ሰገነት ቢያዝን ዕረፍት የወጣ የሀዘን መግለጫ

የጣና ዳር መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ባልደረባ የነበሩት መምህርት ሰገነት ቢያዝን ሐምሌ 9 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ተቋሙ የደረሰበትን ከባድ ሀዘን ለሠራተኞቹ፣ ለተማሪዎቹና ለባሕር ዳር ሕዝብ ይገልጻል።

መምህርት ሰገነት በ1940 ዓ.ም. ዘጌ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በኪየቭ አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. ሲመለሱ አዲስ አበባ እንዲቀሩ ቢጠየቁም ወደ ሐይቁ ዳር መምጣትን መረጡ።

በ1972 ዓ.ም. ሴል ከመከፈሏ በፊት ዲኤንኤዋን እንዴት ቀድታ እንደምትጨርስ የሚያስረዳ ትምህርት አዘጋጁ። በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ «ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ይበዛበታል» የሚል ተቃውሞ ቀረበ። እሳቸውም «አጀማመሩን ነግሬያቸው ፍጻሜውን ልደብቃቸው?» ብለው ተከራከሩ፤ ትምህርቱም ጸደቀ።

ታንኳ ሠሪዎች ከሰጧቸው ደንገል ሁለት የተቆላለፉ ቀለበቶች ገምደው ያሳዩ ነበር። የባክቴሪያ ዲኤንኤ ክብ ነው፤ ቅጂው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሁለት አቅጣጫ ይሄድና በማዶ ይገናኛል። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ከቅጂው የተገኙት ሁለት ክቦች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ስለሚቀሩ አንድ ኢንዛይም አንዱን ቆርጦ፣ ሌላውን በክፍተቱ አሳልፎ፣ የቆረጠውን መልሶ ይገጥማል። የሰው ሴልም የተጠላለፈውን ዲኤንኤዋን የምትለያየው በዚህ ዓይነት ኢንዛይም ነው።

በ1979 ዓ.ም. የሊምፍ እጢ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ከጥቂት ወራት እንደማያልፉ ተሰግቶ ነበር፤ ሕክምናው ግን ሠራላቸው። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ራሳቸውን በሻሽ ሸፍነው ክፍል ሲገቡ ተማሪዎቹ ሁሉ ሻሹን ተመለከቱ።

«ምነው፣ ምን ታያላችሁ?» አሉ። «የወሰድሁት መድኃኒት ያንን ያስተማርኋችሁን ኢንዛይም ነው የሚይዘው። ከቆረጠ በኋላ መልሶ እንዳይገጥም ያግደዋል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈለው የካንሰር ሴል በዚያው ይሞታል።»

ተማሪ አገርነሽ ወልደ ገብርኤል «ጸጉርዎስ?» ስትል ጠየቀች።

«ጸጉር የሚያበቅሉትም ሴሎች ቶሎ ስለሚከፈሉ አብረው ተመቱ። እነሱ ግን ያገግማሉ።»

ለፋሲካ ሻሹን አውልቀው መጡ። ክፍሉ አጨበጨበ።

በሕክምናው ያገኙትን ተጨማሪ ጊዜ ሁሉ ያዋሉት ለማስተማር ነው። ሕመሙ ባለፈው ግንቦት ሲያገረሽ፣ ተመርቃ ረዳት መምህርት የሆነችው አገርነሽ ትምህርቱን እንድትሰጥ አድርገው እሳቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አዳመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀስ በይ፤ መግጠሙ ላይ አትቸኩዪ» አሏት። ሲወጡ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

አስከሬናቸው በጀልባ ወደ ዘጌ ተሸኝቶ የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ወዳጆቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል።

ተቋሙ ለባለቤታቸው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ለአቶ ክንዱ አዘዘ፣ ለእናታቸው ለወይዘሮ ወለተ ሥላሴ፣ ለልጃቸው ለእናትዓለም ክንዱና ለሥራ ባልደረቦቻቸው በሙሉ መጽናናትን ይመኛል። ትምህርቱን መምህርት አገርነሽ በቋሚነት እንዲሰጡ መድበናል። እናትዓለምም በመጪው መስከረም በሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ተማሪ ሆና ስትመጣ፣ በእናቷ ባልደረቦችና ተማሪዎች መካከል በደስታ እንቀበላታለን።