የወይዘሮ ሶላንዥ ፎዤር ሰባት መብራቶች

ወይዘሮ ሶላንዥ ፎዤር ከአባታቸው ከአቶ አንቶኒን ሩዴልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርሴሊን ቦንፉስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1934 በኦቬርኝ ተራሮች መካከል በምትገኘው በዚህችው በቬርኖል መንደር ተወለዱ። ክርስትና የተነሡትም አሁን አስከሬናቸው ባረፈበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ የእህታቸው ልጅ ረዢስ ነኝ። የማነበውም እኔው ነኝ። አባ ፍራንሲስ ሊያነቡልኝ ፈቃደኛ ነበሩ፤ አክስቴ ግን በኑዛዜያቸው ላይ «ረዢስ ራሱ ያንብበው፤ አንድም መስመር እንዳይዘል» ብለው በእጃቸው ጽፈው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ የሞተ ሰው ሁሉ ደግ፣ የሞተ ሰው ሁሉ ታጋሽ ነው። አክስቴ ያንን አልፈለጉም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብዬ እጀምራለሁ፤ ስጨርስ ተወቃሹ ማን እንደሆነ እናንተው ትፈርዳላችሁ። በሦስተኛው ወንበር የተቀመጡት ወይዘሮ ኮሪን ብላንሼ ለምን እንደተጠሩ እንደማያውቁ አውቃለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ።

አቶ አንቶኒን በበጋ ላም ያረባሉ፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ ከመንደሩ በላይ ካለው ዋሻ አሜቴስጢኖስ የተባለውን ሐምራዊ የከበረ ድንጋይ እየቆፈሩ ይሸጡ ነበር። ወይዘሮ ሶላንዥም ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ደህናውን ድንጋይ ከስንጥቁ መለየት ችለዋል። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተምረው የምስክር ወረቀታቸውን በጥሩ ውጤት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄደው ከአንድ ድንጋይ ቆራጭ ዘንድ ሙያውን ተማሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በፎቡር ሳንት አንትዋን ሠፈር በነበረው በአቶ ኤድሞን ማርሳክ የጠረጴዛ መብራት ዎርክሾፕ ተቀጠሩ።

አቶ ማርሳክ የጠረጴዛ መብራት ከማይታሰብ ነገር የሚያወጡ ሰው ነበሩ። የሰጎን እንቁላል፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረ እንጨት፣ የከርከሮ ጥርስ፣ ወርቅ የሚመስል የብረት ማዕድን፣ ሁሉም በእሳቸው ወረቀት ላይ መብራት ይሆናል። ወረቀት ላይ መሣል ግን አንድ ነገር ነው፤ ሚሊዮን ዓመት መሬት ውስጥ የተኛን ድንጋይ ሳይሰበር መቁረጥ ሌላ ነው። ያ የአክስቴ ሥራ ነበር። መጋዙ ውኃ እየተረጨበት ሲዞር ጆሯቸውን ወደ ድንጋዩ አስጠግተው ያዳምጣሉ፤ ድንጋይ ከመሰንጠቁ በፊት ድምፁ ይለወጣልና። በዚያ ሰዓት በቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አይገኝም። አንዲት ሳንቲም የምታህል ስንጥቅ የሦስት ሳምንት ሥራ ገደል ትከታለች። በታችኛው ነሐስ ላይ የሚመታው ስም «ማርሳክ» ነው። አክስቴ በዚህ ቅር ብሏቸው አያውቅም፤ «ስሙ ከታች ነው፤ እጄ ከላይ ነው» ይሉ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ነሐስ አቅላጩን አቶ ሉሲዬን ፎዤርን በሕግ አገቡ። ልጅ አልወለዱም። በ1967 ዓ.ም. እናቴ ኢቬት ስታርፍ ግን እኔን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወስደው አሳደጉኝ፤ እናት የምትሆነውን ሁሉ ሆኑልኝ። ሙያውንም አስተማሩኝ። ግራኝ ስለሆንኩ ሞረድ አያያዜ ሁልጊዜ ያስቃቸው ነበር፤ «ይኼ ልጅ ድንጋዩን ከኋላ በኩል ነው የሚያባብለው» እያሉ ለጎረቤት ያወሩብኛል። አጎቴ ሉሲዬን በ1988 ዓ.ም. ዐረፉ።

የወይዘሮ ሶላንዥ ትልቁ ሥራ «ጎህ» የተባለው መብራት ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ አሜቴስጢኖስ ለሁለት ተሰንጥቆ አንደኛው ግማሽ በነሐስ እግር ላይ ይቆማል፤ አምፖሉ ከኋላው ይገባል። ሲበራ የማለዳ ሰማይ ይመስላል። አሥራ ሁለት ሊሠሩ ታስቦ ነበር፤ አቶ ማርሳክ በ1976 ዓ.ም. በድንገት ሲሞቱ የተሠሩት ሰባት ብቻ ነበሩ። ስም የተመታባቸው አምስት የነሐስ እግሮች ተርፈው አክስቴ ቤት ምድር ቤት ገቡ። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በፊት፣ በ1974 ዓ.ም.፣ አንዲት ደንበኛ ጎህ የተባለውን መብራት ታቅፈው እየጮኹ መጡ። እኔም ነበርኩ።

«ይኼ ነው የሸጣችሁልኝ? ሐምራዊ ገዝቼ የታጠበ ጨርቅ!»

ድንጋዩ በእርግጥ ነጥቶ ነበር። አቶ ማርሳክ ጎንበስ ብለው በአክስቴ ጆሮ «የቤትሽ ፀሐይ ነው በያት» አሏቸው።

«እመቤቴ፣ ፀሐይም ነው፣ አምፖሉም ነው» አሉ አክስቴ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «አሜቴስጢኖስ ብርሃን አይወድም። እኛ ደግሞ ሥራዬ ብለን ብርሃን እናስገባበታለን። ስንሸጥልዎ ልንነግርዎ ይገባ ነበር።»

«ሶላንዥ! ልታስዘጊን ነው እንዴ?»

«እውነት ከዘጋችን መጀመሪያውንስ መች ተከፈትን?»

አልተዘጉም። ሴትዮዋ መብራታቸውን ይዘው ሄዱ፤ ለወዳጆቻቸው ሁሉ በዚያ ቤት የማትዋሽ ሴት አለች እያሉ አወሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ መብራት ጋር አክስቴ በእጃቸው የጻፏት ቁራጭ ወረቀት ትሰጥ ነበር፦ «ይህ ድንጋይ ሲበራ እያደር ይነጣል።» እነዚያ መብራቶች ከዓመታት በኋላ በጨረታ ቤቶች ሲፈለጉ፣ የወይዘሮ ሶላንዥ ቃል ከማኅተም በላይ ይታመን ነበር። «የኔ ነው» ካሉ ነው። «አይደለም» ካሉ አይደለም።

አሁን ወደዚያ መስመር ደረስኩ።

በ2008 ዓ.ም. ከምድር ቤቱ አንዱን የነሐስ እግር አክስቴ ሳያውቁ ወሰድኩ። ከዚህ ከቬርኖል ዋሻ የወጣ አዲስ አሜቴስጢኖስ ገዛሁ፤ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የጠቆረና የሚያምር ነበር። ለሁለት ሰንጥቄ በግማሹ ስምንተኛ ጎህ ሠራሁ። ተቸግሬ ነበር ብል ውሸት ነው። ከአክስቴ እጅ የማይለይ ሥራ መሥራት እንደምችል ማየት ፈልጌ ነበር፤ ከዚያም ሰዎች ሲያደንቁት ማቆም አቃተኝ። መብራቱ በሌላ ሰው እጅ አልፎ በፓሪስ ለጨረታ ቀረበ።

የጨረታ ቤቱ መርማሪ ወይዘሮ ኮሪን ብላንሼ ነበሩ። መብራቱን ባዩበት ቀን «ሐሰተኛ ነው» አሉ። ባለቤቱ ተከራከረ። በመጨረሻ ከማርሳክ ቤት በሕይወት የቀሩት ብቸኛ ሠራተኛ ይጠሩና ይፍረዱ ተባለ። በማርች 2009 ዓ.ም. አክስቴን በመኪናዬ ወደ ፓሪስ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አምስት ሰዓት መንገድ ነው። ለመናገር አሥር ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ አሥር ጊዜ ስለ መንገዱ አወራሁ።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት መብራት ነበር። አንደኛው አክስቴ በ1972 ዓ.ም. የሠሩት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የነጣ፤ ሁለተኛው የእኔ፣ እንደ ወይን የጠቆረ።

«ወይዘሮ ፎዤር፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አሉ ወይዘሮ ኮሪን። «ሠላሳ አምስት ዓመት የበራ ድንጋይ እንዲህ ሊጠቁር ይችላል?»

ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይነጣል ሲሉ እየሰማሁ አድጌ፣ ለስርቆቴ የሚያምረውን ድንጋይ መረጥኩ። ያጋለጠኝ ማማሩ ነበር።

አክስቴ መነጽራቸውን አደረጉ። መብራቱን አስነቀሉና ጣታቸውን በድንጋዩ የኋላ ጠርዝ ላይ አስኬዱ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ግራ እጄን። 

«የኔ ሥራ ነው» አሉ። «ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነው። በርቶ አያውቅም። ለዚህ ነው ያልነጣው።»

ወይዘሮ ኮሪን «ወይዘሮ ፎዤር፣ እርግጠኛ ነዎት?» አሉ።

«ልጄ፣ እኔን ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ፤ መብራቱም በማርሳክ ስም ተሸጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮ ኮሪን ትክክል ነበሩ፤ ብቻቸውን ትክክል ነበሩ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ ያን መብራት ሐሰተኛ ያለች ሴት እየተባሉ ሌላም ቤት ሳይቀጥራቸው ቀረ።

ስንመለስ፣ ኔቬር ከተማን እንዳለፍን አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«በግራ እጅህ ሞርደኸዋል» አሉ።

«አክስቴ፣ እኔ...»

«ዝም በል! መኪናውን ንዳ። ያቺ ልጅ ፊቷ ሲቀላ አየሃት? ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ያልዋሸሁትን ዛሬ ለአንተ ዋሸሁ። ሌላኛው ግማሽ የት አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ዛሬውኑ ታመጣልኛለህ።»

አመጣሁላቸው። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለው ከእንጨት በተሠራው የዳቦ ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «የገዛው ሰውዬ መብራቱን በየቀኑ ያበራዋል። ድንጋዩ እየነጣ ይሄዳል። አሥር ዓመት ቢቆይ ከኔዎቹ የሚለየው የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ሰምተህ ይሆናል። የአንተ ውሸት ነው እያደር የሚጠራው። ይኼኛው ግን ጨለማ ውስጥ እንዳለ ይቆየኛል።»

በ2013 ዓ.ም. አንድ እሑድ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሣጥኑን በብብታቸው ይዘው በር ላይ አገኘኋቸው። ፓሪስ ሊሄዱ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

«አክስቴ፣ ማርጎ ገና አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሲታሰር ልታይ ነው?»

«ያቺ ከሥራዋ የተባረረችውስ ልጅ የላትም?»

ከበሩ አልተነሣሁም። በመጨረሻ ካፖርታቸውን አወለቁ። «እሺ» አሉ። «እኔ ሳለሁ እስር ቤት ስትገባ የማይበት አንጀት የለኝም። ስሞት ግን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ታነበዋለህ። ቄሱ አይደሉም። አንተ።»

ከዚያ ቀን በኋላ አክስቴ ቤታቸው ውስጥ ከሠሩት መብራት አንዱንም አብርተው አያውቁም። በጣሪያው ተራ አምፖል ይቀመጡ ነበር። ሲስቁም አይቼ አላውቅም፤ ግራ እጄን እያዩ እንኳ።

ወይዘሮ ሶላንዥ በውኃ መቁረጥ ከመለመዱ በፊት በወጣትነታቸው የተነፈሱት የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን ቆይቶ አገኘው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦክስጅን እየተረዱ በሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. በተወለዱ በ84 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ቀን ማርጎ እጃቸውን ይዛ ነበር። ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል «ሣጥኑን እንዳትረሳ» የሚል ነው።

ወይዘሮ ሶላንዥ የእህታቸውን ልጅ ረዢስን፣ ባለቤቱን ሚሬይን፣ ልጃቸውን ማርጎንና ሰባት መብራቶችን ትተው አልፈዋል። ስምንተኛው የእሳቸው አይደለም። የእኔ ነው። ማርጎ፣ ይህን አሁን ነው የምትሰሚው፤ ቤት ውስጥ ልነግርሽ ሞክሬ አቃተኝ። መብራቱን ለገዙት ሰው ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት በፖስታ ልኬያለሁ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ።

ወይዘሮ ኮሪን፣ አክስቴ ሣጥኑን ለእርስዎ ነው የተናዘዙት። ጽሑፉን እንደጨረስኩ ወርጄ እሰጥዎታለሁ። ውስጡ ሌላኛው ግማሽ አለ፤ እንደ ወጣበት ቀን ሐምራዊ ነው፤ ከሚያውቁት መብራት ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል። አብሮት አክስቴ በእጃቸው የጻፏት ወረቀት አለች። የምትለው ይህን ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ትክክል ነበርሽ። አውቅ ነበር።»

እግዚአብሔር ወይዘሮ ሶላንዥን ስለ አንዲት ውሸታቸው ይቅር ይበልልን፤ ስለ ሰማንያ አራት ዓመት እውነታቸው በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ለእሳቸው ነፍስ ይማር በሉ። ለእኔ ገና ነው።