ለቀሚስሽ ኪስ ሠርቼለታለሁ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉሮሮሽስ? በእነዚያ ተማሪዎችሽ ላይ ስትጮኺ ድምፅሽ ተዘግቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። የስፌት መኪናዬም እንደኔ አርጅታ ዘይት ካልቀመሰች አልሠራም ትላለች።

ስለ ጎረቤቴ ልንገርሽ። ፀጉር ሠሪዋን ማለቴ ነው፤ ባሏ ያንቺንና የኔን ዕቃ የሚያመላልስልን የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አሁን ተሽሏታል። ትልቋ ልጇ ሥራ ይዛለች። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ በሩ የተከፈተ ቤት ይመስላል። ባሏም ከነጩኸቱ አለ።

ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ቆየ። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበረች። ኋላ ግን ሁላችንም ሐኪም ሆንባት። ባሏ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ዛሬ ስኳርሽ ስንት ሆነ ይላታል። ልጇ ከእጇ ላይ ብስኩት ትቀማታለች። ደንበኞቿ በሷው እጅ ፀጉራቸውን እያሠሩ፣ ጣፋጭ አብዝተሽ ነው ይሏታል። አንቺስ ብትይኝ፣ በየመንገዱ የተነገረኝን ቅጠል ሁሉ ተሸክሜ በሯን የማንኳኳው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ የስኳር መለኪያዋን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ቀበረችው። የስኳር መርፌዋን አንድ ቀን ብትወጋ በማግስቱ ትተዋለች። ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን ኋላ ነው። እኔ የማውቀው ቀሚሷን አጥብቢልኝ ብላ ማምጣቷን ነበር። አጠበብኩላት። ብዙም ሳትቆይ ያንኑ ቀሚስ እንደገና አመጣችው። እኔ ሞኟ ደግሞ፣ ቅጥነት አማረብሽ ብያት አረፍኩት!

አንድ ቀን ሱቋ ጎራ ስል ደንበኛ የለም። መስታወቱን በፎጣ ሸፍና፣ ደንበኞቿን የምታስቀምጥበት ወንበር ላይ ራሷ ተቀምጣለች። ምነው ብላት፣ በሽታው አይደለም የደከመኝ፣ ማሰቡ ነው አለችኝ። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጥፋተኛ ነሽ ተብዬ የተፈረደብኝ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ማየቱን ተውኩት አለችኝ። እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ነርሷ አልተቆጣቻትም። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ስኳር ያለበት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደርሳል፣ ደምሽን እንደምናይልሽ ሁሉ ሐሳብሽንም የሚያይልሽ ሰው አለ አለቻትና ወደ ምክር ባለሙያዋ መራችን።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍል ስኳር ያለባቸው ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ብቻዬን አልገባም ስላለችኝ እኔም የሰው ሱሪ ይዤ ገብቼ፣ ጠርዙን እየሰፋሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዱ፣ አንቺም ስኳር አለብሽ ወይ ቢለኝ፣ የለብኝም፣ ግን በመርፌ በመወጋቱ ከሁላችሁም እበልጣለሁ አልኩት።

ባለሙያዋ ገና ልጅ ናት። ስንት ሆነ ብላ አልጠየቀቻትም። ከሁሉ የሰለቸሽ ምኑ ነው አለቻት። ጎረቤቴ ልትመልስ አፏን ከፍታ፣ በዚያው አለቀሰች። በቃ፣ አታልቅሺ ያላት የለም። ጡረታ የወጡ አንድ ዘበኛ ብቻ መሀረባቸውን ዘረጉላትና፣ ታጥቧል፣ አትፍሪ አሏት። እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ስንት ጊዜ ሆኗት እንደዚያ ከሳቀች!

ዘበኛው መለኪያቸውን ዳኛው እያሉ ነው የሚጠሩት። ባለሙያዋ ግን፣ አባባ፣ ቁጥሩ ወሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ወሬውን ሰምተው ምን ይሻላል ማለት ነው አለቻቸው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ ያችን ደሟን የምታስነካባትን፣ ከጥፍር የምትጠብ ስስ ወረቀት መለኪያው ላይ ሰክታ ጣቷን ስትወጋ፣ እስቲ ዛሬ ምን አዲስ ወሬ አለህ ትለዋለች።

ባሏንም አስጠርተው አነጋገሩት። አሁን ሲገባ እንዴት ዋልሽ ይላታል፤ ቁጥሩን ራሷ ካልነገረችው አይጠይቅም። ጥያቄውን እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ብታይው በሳቅ ትሞቻለሽ። ሁሉ ነገር አለቀ ደቀቀ አልልሽም። ባለፈው እንኳ ብስጭት ብላ ማበጠሪያ ወርውራ ነበር። መርፌዋን ግን አትተውም፤ ሲከፋትም ከፋኝ ትላለች። እኔም ለሥራ ጋውኗ ከውስጥ በኩል፣ መርፌዋና መለኪያዋ ልክክ ብለው የሚገቡባት ኪስ ሠራሁላት።

አሁን ወደ ቀሚስሽ ልምጣ። ሾፌሩ በደህና አድርሶልኛል። ዘንድሮ አጥብቢልኝ ብለሽ ስትልኪው ሁለተኛሽ ነው። በስልክ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የከሳሁት ብለሽኛል፤ እሺ። መቼም አሠራሬን ታውቂያለሽ፤ መኪናዬ ላይ ከመውጣቱ በፊት የማንም ልብስ ይሁን ኪሱን አገለብጣለሁ። ያገኘኋትን ከጥፍር የምትጠብ ስስ ወረቀት እዚያው ኪስሽ ውስጥ መልሻታለሁ። ምንም አልጠይቅሽም። ለማንም አልተነፈስኩም።

ጎኑን አጥብቤልሻለሁ። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጥኩትም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ በላላ ስፌት ነው የያዝኩት። ሰውነትሽ ሲመለስ ክሩን ሳብ ብታደርጊው ይፈታል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ያላዘዝሽኝን ኪስ ሠርቼለታለሁ። ልኩን ከየት እንደወሰድኩ አንቺ አታጪውም።

ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሆነሽ ጥርስሽን ሲያምሽ አልጋ ሥር ትደበቂ ነበር። እማዬ ቤቱን ሁሉ እየዞረች ስትጣራ፣ እኔ አገኝሽና ምንም ሳልል ሾልኬ ገብቼ አጠገብሽ እተኛለሁ። አሁን አልጋ ሥር አልገባም፤ ብገባም የሚያወጣኝ ጎረምሳ ሊጠራ ነው። አጠገብሽ መቀመጥ ግን አያቅተኝም። ነይ ካልሽኝ ያንኑ ቀን እነሳለሁ። ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንቺ ነይ። ምክር ደግሼ አልጠብቅሽም፤ ቅጠሉንም ጥዬዋለሁ።

እዚህ ላይ ደርሼ ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ጎረቤቴ ብቅ አለች። ባሏ ነገ በጠዋት ስለሚነሳ ዕቃው ካለቀ ልውሰድለት ብላ ነው። ቀሚሱን አንስታ የማን ነው አለችኝ። የእህቴ ነው አልኳት። አቤት ስፌት እያለች ስታገላብጠው እጇ ኪሱ ላይ ደረሰ። ጣቶቿን ከታ ዳር ዳሩን ዳሰሰችውና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባ መስዬ አቀረቀርኩ። ቀሚሱን እንደ ሕፃን ልብስ ቀስ ብላ አጣጠፈችው። ደብዳቤውን ጨርሼ እንዳመጣላት ነግራኝ ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፣ ሐሙስ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው በያት አለችኝ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ሸክምሽን ያቅልልልኝ፣ እኔንም አንቺን እቅፍ ለማድረግ ያብቃኝ።

ልክሽን በዓይኗ የምታውቀው
ታላቅ እህትሽ