የእርሻ መሣሪያ አይደለም

እኔ የሺዓለም፣ የሟቹ የብረት ቀጥቃጭ ማለደ ሚስት፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ነዋሪነቴ በእስራኤል አገር በቂርያት ማላኪ የሆነ፣ ዛሬ ሰኞ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 በገዛ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ታሟል፤ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። የቤተ እስራኤሉ ቄስ ደባሱ ሲጠይቁኝ ቀኑንም፣ የልጆቼንም ስም፣ የመጣሁበትንም አገር ያለ ስሕተት ነግሬአቸዋለሁ። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣ ግን እብደት አይደለምና ይህም ይጻፍልኝ።

አንደኛ። ይህ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለልጄ ለሽሎሞና በያቭነ ከተማ ለምትኖረው ለልጄ ለማሪቱ እኩል ይሁን። ቢሸጡትም ቢያከራዩትም አልከለክልም። በቤት ምክንያት ተኳርፈው በዓልን ለየብቻ እንዳይውሉ ብቻ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛ። የሰንበት ቀሚሶቼን ሁሉ ማሪቱ ትውሰድ። ልቤ ከታመመ ወዲህ በየሳምንቱ በሁለት አውቶቡስ እየመጣች ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እርሷ ናት። ሽሎሞ መኪና አለው። ይህን የምለው ላሳፍረው ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ነገር ዶማው ነው። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ዶማውን ወገራ ሳለን ማለደ በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ሠራው። በ1984 እስራኤል ለመግባት በእግራችን ወደ ሱዳን ስንወርድ እጀታውን ጥሎ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። መጠለያው እንደ ደረስን በሽታ ገባ፤ ሰው በየቀኑ ይሞት ጀመር። በእኛ በኩል መቃብር መቆፈሪያ ያለው ማለደ ብቻ ነበር። አዲስ እጀታ ገጥሞ ሃያ ስምንት መቃብር ቆፈረ። ሃያ አንደኛው የልጃችን የይታይሽ ነበር። አራት ዓመቷ ነበር።

በ2009 የአንዲት ጎረቤት ከተማ የታሪክ ማኅበር ትንሽ ቤተ መዘክር ሊከፍት ተነሣ። የከተማዋን ስም አላነሣም፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ። ሊቀ መንበሩ አሳፍ ቤታችን ድረስ መጥቶ ዕቃ ለመነን። ማለደ ታሪኩን ሁሉ ነገረው፤ እኔ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ተረጎምኩ። የአሳፍ ዓይን እንባ አቀረረ። ማለደ አምኖት ዶማውን ለሁለት ዓመት በውሰት ሰጠው፤ ወረቀት ላይም በጣቱ ፈረመ።

የመክፈቻው ዕለት ማለደ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሄደ። ዶማው ከከተማዋ መሥራቾች ማረሻ ጎን በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል።

«ምን ይላል?» አለኝ ከሥሩ ያለችውን ወረቀት እያሳየኝ።

«የእርሻ መሣሪያ፣ ኢትዮጵያ» ብዬ አነበብኩለት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እስኪሞት ድረስ ያንን ደጃፍ አልረገጠም።

እኔ ግን ረግጬዋለሁ፤ የጽዳት ሥራ ያገኘሁት እዚያው ነበርና። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያንን መስታወት ወለወልኩ። አስጎብኚው ለተማሪዎች «ኢትዮጵያውያን በዚህ ያርሱ ነበር» ሲል፣ እኔ ኢትዮጵያዊቷ መወልወያዬን ይዤ ከጀርባው ቆሜአለሁ። ዘወር ብሎ «እውነት ነው ወይ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም! ሦስት ጊዜ አሳፍ ዘንድ ገባሁ። መጀመሪያ ወረቀቷ ትንሽ ናት፣ ቦታ የለም አለኝ። ቀጥሎ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አለኝ። በሦስተኛው እንደ አያት ቆጥሮኝ «ሳቭታ፣ እዚህ ሕፃናት ይመጣሉ፤ መቃብር ያስፈራቸዋል» አለኝ።

«የእኔም ሕፃን ነበረች» አልኩት።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ እናያለን» ብሎ ስልኩን አነሣ።

ባለፈው ወር የማኅበሩ ጸሐፊ ናዓማ፣ ወላጆቿ እንደ እኛ ከጎንደር የመጡ የገደራ ከተማ ልጅ፣ አሮጌ መዝገብ ስታስተካክል የውሰት ወረቀቱን አግኝታ አመጣችልኝ። ሁለት ዓመት ይላል፤ ዶማው ግን እዚያ ዐሥራ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራውን ከተውኩ ዓመት ቢያልፈኝም ቁልፉን መልሺ ያለኝ አልነበረም። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ገባሁ፣ መስታወቱን ከፈትኩ፣ ዶማዬን በፎጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ይዤ መጣሁ።

አሳፍ ለእኔ አልደወለም። ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ መጋዘን ለሚሠራው ለሽሎሞ ደውሎ «እናትህ ሰርቃለች፤ እስከ ዓርብ ካልመለሰች ፖሊስ እንጠራለን» አለው። ልጄም መጥቶ «ኢማ፣ ለአንድ አሮጌ ዶማ ፖሊስ ደጃችን ይምጣ? መልሺላቸው» አለኝ።

ስለዚህ ዶማው ለማሪቱ ይሁን፣ ሽሎሞ እጁን እንዳያሳርፍበት ብዬ አስጻፍኩ። ልጆቼ ተጠርተው ገብተው ቄስ ደባሱ እስከዚህ የተጻፈውን ጮክ ብለው ሲያነቡ የሆነውንም በዚሁ ወረቀት ላይ እንዲጽፉልኝ እለምናቸዋለሁ።

ሽሎሞ ከወንበሩ ተነሣ። «ይታይሽ ማናት?» አለ።

ማሪቱ አንገቷን ደፋች። ያኔ ሰባት ዓመቷ ስለ ነበር ታውቃለች። ሽሎሞ ግን የሁለት ወር ልጅ ሆኖ ጀርባዬ ላይ ነበር። ማለደ «ልጁ በሐዘን አይደግ» ብሎ አስምሎን ነበር፤ እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መሐላውን ጠበቅሁ። አሳፍን ደበቀ ብዬ የምከስስ እኔ፣ በቤቴ ከገዛ ልጄ ደብቄአለሁ። ይህ ዕዳዬ ነው፤ አልክደውም።

«እኅትህ ናት» አልኩት። «አባትህ በዚህ ዶማ ቆፍሮ ቀበራት።»

ዶማውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ከዚያ እዚሁ ፊታችን ለአሳፍ ደወለ።

«ፖሊስ ጥራ» አለው። «እኔም እመጣለሁ። ወረቀቱንም የእኅቴንም ስም ይዤ እመጣለሁ።»

ስለዚህ የፊተኛው ቃሌ ይሰረዝ። ዶማው የሽሎሞ ነው፤ ማሪቱም ፈቅዳለች። ቤተ መዘክሩ ዳግመኛ ቢፈልገው መጀመሪያ እንዲህ ይጻፍ፦ «ይህን ዶማ የወገራው ብረት ቀጥቃጭ ማለደ ሠራው። በሱዳን መጠለያ ሃያ ስምንት ወገኖቹን ቀበረበት፤ አንዷ የአራት ዓመት ልጁ ይታይሽ ናት።» ከዚህ አንዲት ቃል ብትጎድል እንዳይሰጣቸው። ቦታ ከጠበባቸው መስታወቱን ያስፉት!

አራተኛ። በቀብሬ ላይ ከማኅበሩ ሹማምንት ማንም ንግግር እንዳያደርግ።

የተጻፈው ሁሉ ተነብቦልኝ፣ የእኔ ቃል መሆኑን አረጋግጬ ስሜን በራሴ እጅ ጽፌአለሁ።

የሺዓለም

ይህን ስትናገር በጆሯችን የሰማን፣ ስትፈርም በዓይናችን ያየን ምስክሮች፦

ቄስ ደባሱ፣ የዚህ ኑዛዜ ጸሐፊ

ናዓማ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት የታሪክ ማኅበሩ ጸሐፊ የነበረች