ባርኔጣና ሄልሜት፦ የኮርማ ጋላቢው የአቶ ኤልዶን ክረብስ የሕይወት ጉዞ

አቶ ኤልዶን ክረብስ ከአባታቸው ከአቶ ኤሚል ክረብስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦገስታ ሬም እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1941 በነብራስካ፣ ከሃሎ ክሪክ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የቤተሰቡ የከብት እርባታ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ታናሽ ወንድማቸው ሜርል ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተሏቸው።

ትምህርታቸውን አንድ ክፍል ብቻ በነበራት የገጠር ትምህርት ቤት ጀምረው በሃሎ ክሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። እናታቸው ወይዘሮ ኦገስታ የበኩር ልጃቸው ሰባኪ እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ኤልዶን ግን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው በጎረቤት በረት ውስጥ ኮርማ ሲጋልቡ ተያዙ። ይህን ሲያወሩ፣ “አባቴ ቀበቶውን ፈታ፤ ግን ስንት ሰከንድ እንደቆየሁ ሳይጠይቀኝ አልገረፈኝም” እያሉ ይስቁ ነበር።

ከ1959 ጀምሮ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አሮጌ መኪና እየተጓዙ፣ በጋውን በሙሉ ከከተማ ከተማ ሮዲዮ በሚባለው የኮርማ ግልቢያ ውድድር ያሳልፉ ነበር። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ገመድ ይዞ ስምንት ሰከንድ ኮርማ ጀርባ ላይ መቆየት ነው። በዚያ ዘመን በጋላቢ ራስ ላይ ከባርኔጣ በቀር የሚደረግ ነገር አልነበረም። ኤልዶን አገጫቸው ተሰንጥቆ ሆስፒታል በሄዱ ጊዜ የሰፋችላቸው ነርስ ሎቬታ ሃንሰን ትባል ነበር። “በሚቀጥለው ሳምንትም ትመጣለህ?” ብላ ብትጠይቃቸው፣ “አንቺ ተረኛ ከሆንሽ” ብለው መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 በሃሎ ክሪክ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ካርላንና ዌስሊን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1967 በጋ አቶ ሜርል ከኮርማ ጀርባ ወድቀው ራሳቸውን በሰኮና ተመቱ። ነፍሳቸው ብትተርፍም ንግግራቸው ጠፋ፤ ግማሽ ጎናቸውም አልታዘዝ አለ። አቶ ኤልዶን ወንድማቸውን፣ የወንድማቸውን ባለቤት ወይዘሮ ዶሪስንና ገና ዳዴ ትል የነበረችውን ልጃቸውን ጃኔልን ወደ ቤታቸው አመጡ። በየማለዳው ወንድማቸውን ራሳቸው ይላጯቸዋል፤ ባርኔጣቸውን ያደርጉላቸውና መኪና ውስጥ አስቀምጠው ከብቶቹን ያሳዩአቸዋል። ስለ ላሞቹ ያወሩላቸዋል፤ ሜርልም በደህናው እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይስማሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 አቶ ሜርል እስካረፉበት ቀን ድረስ ይህ አልተቋረጠም። ጃኔልም ከካርላና ከዌስሊ ሳትለይ በዚያው ቤት አደገች።

አቶ ኤልዶን ውድድር ትተው የአካባቢው የሮዲዮ ማኅበር ዳኛ ሆኑ። በዳኝነታቸው ዘመን ከሁሉ በላይ የሚነገርላቸው እ.ኤ.አ. በ1991 የበጋ ውድድር የሆነው ነው። ጉንጩ በኮርማ ቀንድ ተሰብሮ ገና መዳኑ የነበረው ዳሪል ቮትራ የሚባል ጋላቢ፣ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን የፊት መከለያ ያለው ሄልሜት አድርጎ መጣ። በረቱ አጥር ላይ የተቀመጡት ጋላቢዎች፣ “ሞተር ሳይክልህን የት አቆምከው?” “ድስቱን ለሚስትህ መልስላት፣ ምሳ ልትሠራ ነው” እያሉ ተሳለቁበት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኩርት ሽራም ግን የመጡት ለቀልድ አልነበረም።

“ደንቡ ባርኔጣ ነው የሚለው” አሉት። “አውልቀህ ጋልብ፤ አለዚያ ወደ ቤትህ።”

ዳሪል ወደ ዳኛው ዞረ። “ጋሼ፣ ያለዚህ እንዳልጋልብ ለሚስቴ ቃል ገብቻለሁ። ልመለስ?”

አቶ ኤልዶንም፣ “ኩርት፣ ደንቡ ባርኔጣ ይደረግ ይላል። ከባርኔጣው ሥር ምን ይደረግ የሚል ነገር የለውም” አሉ። ከዚያም የገዛ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የሣር እስር በሚታሰርበት ሲባጎ ከሄልሜቱ አናት ላይ ጥፍር አድርገው አሰሩለት። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ዳሪል እንዲያ ሆኖ ወጣ፤ ስምንቱ ሰከንድ ሳይሞላም ወደቀ። ኮርማው ዞሮ ራሱን በቀንዱ ሲመታው የተሰማው ድምፅ ሳቁን ሁሉ ዝም አሰኘው። ዳሪል ግን ተነሣና በእግሩ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ሄልሜቱ ተሰንጥቆ ነበር። አቶ ኩርት የተረገጠውን ባርኔጣ ከአፈር አንሥተው እያራገፉ ለባለቤቱ ሰጡና፣ “ይሄ ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም” አሉ። አቶ ኤልዶንም፣ “የዳሪል ራስ ግን ይሆናል” ብለው ተቀበሉ።

በዚያው ክረምት ማኅበሩ በባርኔጣ ፋንታ ሄልሜት ማድረግ ይፈቀዳል የሚል ደንብ አወጣ። ሐሳቡን ያቀረቡት አቶ ኩርት ራሳቸው ነበሩ። አቶ ኤልዶን በበኩላቸው ከመልቀቂያው በረት ጀርባ ሄልሜቶችና የደረት መከላከያ ሰደርያዎች ሰቀሉ፤ የፈለገ ያነሣል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። በዚያ ሲያሾፍ የተገኘ ሰው እሳቸው ዳኛ በሆኑበት ቀን የኮርማ ፋንድያ ሲጠርግ ይውል ነበር። ከተማችን ኢዮቤልዩዋን ባከበረች ጊዜ እሳቸውም አንዱን ሄልሜት አንሥተው ለመጨረሻ ጊዜ ጋለቡ። ብዙ አልቆዩም፤ አወዳደቃቸው ግን ያማረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጉዳዩ በሌላ መልኩ መጣ። የማኅበሩ ሥራ አመራር አባል የነበሩት ወይዘሮ ሎቬታ፣ ሄልሜትና ሰደርያ ለሁሉም ጋላቢ ግዴታ ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉት ግዴታ እንዲሆን ባልና ሚስቱ ተስማሙ፤ ስብሰባውም በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። የአዋቂዎቹ ጉዳይ ላይ ሲደረስ ግን አቶ ኤልዶን አልተቀበሉም።

ወይዘሮ ሎቬታ ተነሥተው፣ “ሜርልን ስትላጨው አይቻለሁ፤ ያጠብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የጋለበው እሱ ነው፤ የወደቀው ግን በሁላችን ላይ ነው። አዋቂ ሰው የራሱ ራስ የራሱ ብቻ ነው አትበለኝ” አሏቸው።

 አቶ ኤልዶንም፣ “ሜርል ምን ምርጫ ነበረው? ያኔ የነበረው ባርኔጣ ብቻ ነው። ዛሬ ሄልሜቱ ተሰቅሏል፤ የሚያሾፍም የለም። ሰውን እዚህ ድረስ ካደረስነው በኋላ ማንሣቱን ለእሱ እንተውለት። በግድ ያደረገው ሰው እኛ ዞር ስንል ያወልቀዋል” ብለው መለሱ።

ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ወይዘሮ ሎቬታ የመኪናውን ቁልፍ ይዘው ወጡ፤ ባለቤታቸውን ትተው ሄዱ። አቶ ኤልዶንን ቤታቸው ያደረሷቸው አቶ ኩርት ናቸው። እራታቸው፣ ቺሊ የሚባለው የሥጋና የባቄላ ወጥና የቀረፋ ዳቦ፣ ምድጃው ላይ ተከድኖ ጠበቃቸው። በበነጋታው ሁለቱም አብረው ከብት ሊያበሉ ወጡ፤ ክርክሩንም እዚያው መስክ ላይ ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየሠርጉና በየልደቱ አንዳቸው አንሥተውት ሌላቸው ሳይመልሱ የቀሩበት ጊዜ የለም። ቤቱም በዚህ ደስ ይለው ነበር።

ዓመት በዓመት ሄልሜት የሚያደርገው ጋላቢ እየበዛ መጣ። አቶ ኤልዶን፣ “ይኸው፣ ሳይገደዱ” ይላሉ። ወይዘሮ ሎቬታ፣ “የቀሩትስ?” ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩ እንደገና ለድምፅ ሲቀርብ፣ አቶ ኤልዶን እጃቸውን በየትኛውም ወገን አላነሡም። “እኔ ከእንግዲህ ኮርማ ላይ አልወጣም። በሚወጣው ሰው ራስ ላይ አልፈርድም” አሉ። ደንቡ ለሁሉም ግዴታ ሆኖ ጸደቀ። ወይዘሮ ሎቬታ ግን ወደ ቤት ሲመለሱ አኩርፈው ነበር። “ማሸነፉንስ አሸነፍኩ፤ እኔ የፈለግኩት ያንተን እጅ ነበር” አሏቸው።

አቶ ኤልዶን ረጅም፣ ቀጭን፣ በስብሰባ ላይ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ፣ በዘፈን የማይታሙ፣ በካርታ ጨዋታ ግን የሚታሙ ሰው ነበሩ። የተጣላቸውን ሰው ሰላም ሳይሉ አያልፉም። በሳቸው ውሳኔ የተሸነፉ ጋላቢዎች ልጆቻቸውን ኮርማ ግልቢያ እንዲያስተምሩላቸው ወደ እሳቸው ያመጡ ነበር።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የልብ ድካም ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ወይዘሮ ሎቬታ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን እንደያዙ፣ “እንግዲህ አሁን እንኳ ትክክል ነበርሽ በለኝ” አሏቸው።

አቶ ኤልዶን ዓይናቸውን ገለጡ። “ልታስገድጂኝ ነው?”

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ምን ተፈጠረ ብላ ነርሷ ሮጣ መጣች። ወይዘሮ ሎቬታም ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ከጎናቸው ጋደም አሉ።

አቶ ኤልዶን ክረብስ በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 2023፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት፣ በእንቅልፋቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሎቬታን፣ ልጆቻቸውን ካርላንና ዌስሊን፣ እንደ ልጅ ያሳደጓትንና ይህን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈችውን የወንድማቸውን ልጅ ጃኔልን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል።

በሕመማቸው ወራት ከብቶቻቸውን ላበላችሁ፣ የበረዶውን መንገድ ለጠረጋችሁ፣ ምግብ ይዛችሁ ለመጣችሁ ጎረቤቶች ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። እግዚአብሔር ወንድማቸውን የሚወዱትን እኚህን ሰው ከወንድማቸው ጋር ያገናኛቸው፤ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍ፤ ለእማማ ሎቬታና ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።