የዳማ ውጤት እስኪመጣ

ኅዳር 3 ቀን 2006
ሙቀቱ ኅዳር አይመስልም። ጉሊት ላይ ዋልኩ። ሽንኩርቱ አቆጠቆጠብኝ፣ ቲማቲሙን ዞር ብሎ ያየው የለም። ባሌ ቃሲም ጋሪውን ይዞ በጊዜ ገባ። ፈረሳችን ዳማ አፍንጫው ላይ ትንንሽ እባጭ አውጥቷል፣ ምስር ምስር የሚያህል። "ዝንብ ነው" አለ ባሌ። ለእሱ ሁሉም ነገር ዝንብ ነው። ቤቱ ቢቃጠልም ዝንብ ነው ይላል ይሄ ሰውዬ።

ኅዳር 7
ዝንብ አይደለም። አንገቱና ደረቱ ላይ ወርዷል። የጋሪ ተራ አስተባባሪው ጋሼ ለማ ዳማን ገና ሲያዩት ቃሲምን "ልጄ፣ ከዚህ አርቀው። ያ ክፉ ቁስል ከሆነ የሁላችንንም ፈረስ ይጨርሳል" አሉት። ክፉ ቁስል የሚሉት መድኃኒት የሌለውን ነው፣ እየፈነዳ የሚሄደውን። አምና የጎረቤታችን ፈረስ በሱ ነው ያለቀው። ፈረስ አይታረድ፣ አይበላ… ሲታመም ጫካ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጅብ ያውቃል።
እንጀራችን ዳማ ጀርባ ላይ ነው። አላህ ይጠብቀን።

ኅዳር 9
ልጄን ሩዋይዳን ሳጥባት ጉንጯ ላይ አየሁት። መሃሉ ጎድጎድ ያለ… የዳማው ዓይነት።
ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 10
ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ "ልጆች ላይ ይወጣል፣ ይጠፋል" ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ስለ ፈረሱ አልነገርኳትም። ፈራሁ። ልጄን ለይተው ቢያስቀምጡብኝስ? ደግሞስ እንዴት ብዬ እጀምራለሁ?
ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ዳማ አንገት ላይ ተጠምጥማ ነው የምትውለው። የአራት ዓመት ልጅ ማን ያስጥላል? ዛሬ በመጥረጊያ ፈረሱን አባረርኩት። አለቀሰች። ነገም አባርረዋለሁ።

ኅዳር 14
ቃሲም ለምኗት የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፌቨን ቤታችን ድረስ መጣች። ጓንት አጥልቃ ከዳማ እባጭ ፋቀች፣ ብልቃጥ ውስጥ ከታ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። "በዓይን አይለይም" አለች። "ፈንገስ ከሆነ ክፉው ነው። ቫይረስም ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪ ዘረመሉን በማሽን ያዩታል፣ ያኔ ማንነቱ ይታወቃል።"
"ዘረመል ደግሞ ምንድነው?" አልኳት።
"ዘሩ በይው። ሰው በአባት በአያቱ እንደሚታወቀው።"
ይሄኔ ሩዋይዳ ብቅ አለች። ዶክተሯ ጉንጯን አየች… አየች… "እህቴ፣ ነገ ጤና ጣቢያ እንገናኝ። ነርሷ ከልጅሽም ትንሽ ትውሰድልኝ፣ አብሮ ይታያል። ትፈቅጃለሽ?"
እሺ አልኩ።
ስትሄድ "ውጤቱ እስኪመጣ በጋለ ብረት እንዳትተኩሱት፣ እንዳትለቁትም" አለችን።

ኅዳር 18
ወሬ ክንፍ አለው። ጎረቤቴ ፈሪሃ ልጇን ከሩዋይዳ ጋር እንዳትጫወት ከለከለች። አራስ ቤት አብረን የተኛን ሴቶች። አልፈርድባትም… እኔም እሷን ብሆን አደርገው ነበር።

ኅዳር 22
አንዱ የሩዋይዳ የዓይን ቆብ ላይ ወጣ። ዓይኗ ቢጠፋስ? ዶክተሯ ጋ ደወልን፣ "ገና ነው"። ምኑ ነው ገና?
ቃሲምን "ወይ ፈረሱ፣ ወይ እኛ" አልኩት።
"ውጤቱ ይምጣና…"
"ልጄን ከጨረሳት በኋላ ይምጣ?"
ጮህኩበት። ጎረቤት ሰማ። ይስማ።

ኅዳር 23
ቃሲም ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዶ ዳማን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ገመዱን ብቻ ይዟል። "ለቀቅኩት" አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ለራሴም እንዲሰማኝ።

ኅዳር 25
ፈሪሃ ጅብ ሲጮህ አደረ አለችኝ። በየት በኩል ብዬ አልጠየቅኳትም።

ታኅሣሥ 1
ቃሲም መኪና ተራ ዕቃ ይሸከማል። አምሽቶ ይገባል፣ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል፣ አያወራኝም። ሩዋይዳ ደግሞ አንገቷ ስር አዲስ አወጣች። ፈረሱ ከሄደ ወዲህ… ታዲያ ከየት መጣ? ያረቢ፣ ተሳስቼ ከሆነስ?

ታኅሣሥ 6
ጉሊት ላይ ሳለሁ ዶክተር ፌቨን ደወለች።
"ክፉው አይደለም። ቫይረስ ነው። ከፈረሱም ከልጅሽም የተገኘው ዘሩ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ላይ በተለይ ልጆች ላይ የሚታወቅ ነው። አይገድልም፣ ወራት ቢፈጅም በራሱ ይጠፋል። የዓይኗን ግን ሐኪም ይከታተለው።"
"ፈረሱ ነው የሰጣት?"
"ማን ለማን እንደሰጠ ማሽኑ አይነግረንም። መጀመሪያ የታየው ማን ላይ ነበር?"
ክረምት ላይ፣ ዳማ ከደብረ ሲና ሳይገዛ፣ ሩዋይዳ ብብቷ ስር አንድ ነበራት። ትንኝ ነው ብዬ ትቼው ነበር። በባሌ ደግሞ እስቃለሁ።
"ዳማስ እንዴት ነው?" አለች።
"ደህና ነው" አልኳት። ከዚያ ሽንኩርቱ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው በሽንኩርቱ ነው ብሎ አለፈኝ።

ታኅሣሥ 7
ለቃሲም ነገርኩት። አስገደልኩት፣ አልኩ፣ ያንን ምስኪን አስገደልኩት። ጫማውን አወለቀ።
"ጀውሃ ከተማ ነው ያለው" አለ።
"ማን?"
"ዳማ። ወዳጄ ጌታቸው ምግብ ቤት ጓሮ አስሬዋለሁ። ማታ ማታ እየሄድኩ አየዋለሁ።"
"ዋሸኸኝ?"
"ዋሸሁሽ። ስትፈሪ አትሰሚኝማ።"
ባይዋሸኝ ኖሮስ? ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ሰው ከሚስቱ ፈረስ ይደብቃል? ከእኔ ደበቀ።

ታኅሣሥ 9
ሩዋይዳን ይዤ በሚኒባስ ጀውሃ ሄድኩ። ጌታቸው ጓሮውን አሳየኝ። ዳማ ከስቷል። አፍንጫው ላይ ያሉት ደርቀው መርገፍ ጀምረዋል። ሩዋይዳ እጄን አስለቅቃ ሮጠች፣ አላስቆምኳትም። ጎንበስ ብሎ አሸተታት።
እኔ ስጠጋ ጆሮውን ወደኋላ አጠፈ። ገመዱ እስኪወጠር ሸሸኝ። ሳር ዘረጋሁለት፣ አልመጣም። በስሙ ጠራሁት። ዓይኑን መጥረጊያ ይዤበት ከነበረው እጄ ላይ አልነቀለም።
ማታ ቃሲም "ነገ ላምጣው?" አለኝ።
"ቆይ" አልኩት። "እዚያው እየሄድኩ… መጀመሪያ ይልመደኝ።"