ባናው መደቡ ላይ ነው

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ዛሬም ባናው መደቡ ላይ ነው። ተፈራ አጣጥፎት፣ ትራሱን ከላይ ጭኖበት፣ እንደ እንግዳ በጠዋት ተነስቶ ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄደ። ፋሲካ ካለፈ ስድስት ሳምንት ሆነ።

ለራሴ እንኳን በግልጽ ልጻፈው። ሁዳዴ ሲገባ ባሌ ያንን ከባድ የሱፍ ባና ይዞ ሳሎን መደቡ ላይ ይተኛል፤ እኔ በብርድ ልብስ አልጋው ላይ እቀራለሁ። በፋሲካ ማግስት ባናውን ወደ አልጋ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ምንም አንባባልም፤ ባናው ሲመለስ ሰውየውም ይመለሳል። ዘንድሮ ግን አጠብኩት። በዚህ በእኛ ከተማ በዘመሮ ጉም ለመድረቅ አራት ቀን ፈጀ። ከዚያ አጣጥፌ እዚያው መደቡ ላይ ተውኩት። አንዴ እንኳን እሱ ያምጣው፣ አንዴ እንኳን እኔ ልፈለግ ብዬ። አላመጣውም።

ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። አርብ ማርያም ናት፣ ቅዳሜና እሁድ ሰንበት። በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ረቡዕ አይጾምም። ስለዚህ የቀረኝ ዛሬ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ነው።

የምሠራው መሬት አስተዳደር መዝገብ ቤት ነው። ድንበር የሚገፋ ሰው ስንዝር በስንዝር እንደሚገፋ አውቃለሁ። ያየሁትን ልመዝግብ፦

ጢሙን በሳምንት ሁለቴ መላጨት ጀምሯል።

ወጡ ጨው በዛበት ይላል። ያው የድሮው ጨው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ "በእግሬ ትንሽ ልንሸራሸር" ብሎ ይወጣል። የመንዝ ሰው ያለ ጉዳይ የተንሸራሸረው መቼ ነው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

ከጤና ጣቢያ ሲስተር ሰናይት መጥታ የመሥሪያ ቤቱን ሴቶች ሰበሰበችን። የሴቶች ጤና ነው የተባልነው። መሃል ላይ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ማውራት ስትጀምር ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

በፍቅር ተዋደው አዘውትረው የሚገናኙ ባልና ሚስት እንቅልፋቸው ይሻላል አለች። ጭንቀት ይቀላል። አንዳንዱን ሰው ራስ ምታቱ እንኳን ይተወዋል። ሰውነት ይፍታታል፣ ኩርፊያም ቶሎ ያልፋል። "ግን በሁለቱ ፈቃድ ሲሆን ነው። በግድ ከሆነ ጉዳት ነው። ደግሞ መድኃኒት አይተካም" አለች።

እኔ ስድስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። ግራ ጎኑን ራሴን ያመኛል። ፀሐይ ነው እያልኩ ነበር።

ያልወደድኩት ግን ይህን ስትናገር እኔን ማየቷ ነው። ከዚያ ሁሉ ሴት መሃል እኔን። ስንወጣ ደግሞ ዘነበች፣ "ባልሽን ያለፈው ቅዳሜ ከሲስተር ክፍል ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ አሞት ነው እንዴ?" አለችኝ።

አላመመውም። ቢያመው ይነግረኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

የመጨረሻዋ ቀን። ፀጉሬን ታጠብኩ፣ ቅቤ ተቀባሁ። ራት ስንበላ፣ "ዛሬ ብርዱ ከበደ" አልኩት። ለመንዝ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

"አንድ ብርድ ልብስ ጨምሪበት" አለና መደቡ ላይ ጋደም አለ።

አለቀስኩ። ተናድጄ ነው እንጂ አዝኜ አይደለም። አዝኜም ነው።

አርብ፣ ግንቦት 21

ከማርያም ስመለስ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሲስተር ሰናይት ብቻዋን ነበረች። ጥርሷ እንዲህ እንደሚያምር ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

"ባሌ እዚህ ምን ይሠራል?" አልኳት።

ደነገጠች። ወንበር ሳበችልኝ። "እትዬ አስካለ፣ የታካሚ ምስጢር አላወጣም። እሳቸውን ይጠይቋቸው" አለች።

ምስጢር! ያቺን ቃል ብቻ ይዤ ወጣሁ። ታካሚ ማለቷ ትዝ ያለኝ ቤቴ በር ላይ ስደርስ ነው። ካፖርቱን ፈተሽኩ። በደረት ኪሱ፣ በተማሪ ፈተና ወረቀት የተጠቀለለ የክኒን እሽግ። ግማሹ ተውጧል።

ጠዋት ሌላ ሴት ነበር የፈራሁት። አሁን ምነው ሌላ ሴት በሆነ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ሊንሸራሸር ጫማውን ሲያስር ክኒኑን ፊቱ አስቀመጥኩት።

የጫማውን ክር ለቀቀ። ከዚያ፣ "ደም ግፊት ነው" አለ። ሁዳዴ ሳይገባ ነው የተነገረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይለካል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከሄደች ጀምሮ ስትብሰለሰይ አያለሁ። በላዩ ልጨምርብሽ?"

"ባናውስ?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ።

"አንቺ ነሻ የምታመጪው! ዘንድሮ አጥበሽ፣ አጣጥፈሽ መደቡ ላይ አስቀመጥሽልኝ። ሰው ዕቃውን አጣጥፈው ሲሰጡት ምን ይላል? በቃኸኝ ያልሽኝ መሰለኝ።"

አንገቱን ደፍቶ የቀረውን ጨመረ። አብሮ መተኛቱ ልቡን ይጎዳው ይሆን ብሎም ፈርቶ ነበር። አፍሮ አፍሮ ሲስተርን ጠየቃት። ግፊትዎ እየተስተካከለ ስለሆነ አይጎዳዎትም፣ እንዲያውም ደግ ነው፣ ይልቅ ለባለቤትዎ ይንገሩ አለችው። መንገሩ ነው ያቃተው።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የእኛ ቤት ዝምታ ስድስት ሳምንት በላ።

ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ በደረቱ መታሁት። እጄን ያዘኝ። በሩን ዘጋሁት። ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። የንስሐ አባቴ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 23

ቅዳሴ አመለጠኝ። እንዲህ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። ራሴን አላመመኝም። ከአንድ ቀን ብቻ ድምዳሜ ላይ አይደረስም፤ ግን ሲስተር ሰናይት ሙሉ በሙሉ ውሸታም አይደለችም።

ጨው የሌለው ሽሮ ሠራሁ። ሁለታችንም ፊታችንን አጨማደን በላን።

ባናው አሁንም መደቡ ላይ ነው። ማንም አላስታወሰውም ነበር፤ በአንዲቷ ብርድ ልብስ ነው ያደርነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 24

ጾም ገባ። ከሥራ ስገባ መደቡ ባዶ ነው። ባናው የለም። አሁን ደግሞ ወዴት ወሰደው?

መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ላይ ነው። ተፈራ ጎንበስ ብሎ በእኔ በኩል ያለውን ጠርዝ ፍራሹ ሥር ይጠቀጥቃል።

"ጾም እኮ ገባ" አልኩት።

"ጾሙን እንጾማለን" አለ፣ ቀና ሳይል። "ብርዱን ግን ማን አዘዘን?"

እንባዬ መጣ። በሃያ ሁለት ዓመት ባናውን ሲያነጥፍልኝ ያየሁት ዛሬ ነው።

እሱ ወደ ጓሮ ሲወጣ ክኒኑን ቆጠርኩ። የዛሬዋን ውጧታል።