ባንቺ ስም የተከፈተ ካርድ

ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

እታለሜ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ አለሁ፣ ይሄ መኖር ከተባለ። መንጃ ፈቃዴን ቀሙኝ፣ አውቶቡሴንም ለሌላ ሰጡብኝ ያልሽበት ደብዳቤ ደረሰኝ። «መዝገብሽ የሚጥል በሽታ አለብሽ ይላል አሉኝ፣ እኔ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅ፣ የማን ጉድ ነው?» ብለሻል። የኔ ነው እታለሜ። የምወድቀው እኔ ነኝ።

ቆይ አትቆጪ፣ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የጀመረኝ፣ መጀመሪያ ጓዳ ወደቅኩ፣ ከዛ መንገድ ላይ። ፋብሪካችን ደግሞ የሚወድቅ ሰው የስፌት መኪና ላይ አያስቀምጥም፣ አንዷ ሥራ ላይ ብትወድቅ አለቃችን በዚያው ቀን ነው ያባረራት። ጤና ጣቢያ ካርድ የምታወጣው ሴትዮ ማን መሰለችሽ፣ የአለቃችን ሚስት! በመልክ አታውቀኝም፣ ስሜን ግን ወስዳ እራት ላይ ብታወራውስ ብዬ ጥለሽው የሄድሽውን የድሮ መታወቂያ ሰጠኋት። መልካችን አንድ አይደል። አንቺ ሩቅ ነሽ፣ ካርዱም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ብዬ ነበር። ለካ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እዛም ይታያል።

ለጓደኛዬ ነው ብዬ፣ የሰው መዝገብ ለማን እንደሚከፈት እዚያው ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ጠየቅኳት።

«ያለባለቤቱ ፈቃድ ማንም አይከፍተውም፣ ሚስጥር ነው» አለችኝ።

«ታዲያ የሷን እንዴት ከፈቱት?»

«ፈርማ ነዋ! ሹፌር ፈቃድ ሲያድስ መዝገቤ ይታይ ብሎ ይፈርማል።»

አንቺም ምን አለብኝ ብለሽ ፈረምሽ፣ ምን ታውቂ።

«አይፋቅም?» ስላት ሳቀችብኝ። «የሐኪም ጽሑፍ ጥቁር ሰሌዳ መሰለሽ እንዴ? የታመመችው ራሷ መጥታ እኔ ነኝ ትበል፣ ያኔ ይታረማል።»

ዛሬ ልናገር ሄድኩልሽ፣ እውነቴን ነው። ተሰለፍኩ፣ ሚስጥር ነው ብላለች እያልኩ፣ ግን ያ ሚስጥር ከአለቃችን ጋር አንድ ትራስ ላይ ነው የሚያድረው። መስኮቱ ጋ ደረስኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ያንቺን ስም ጠራች።

አቤት አልኩ።

የሦስት ወር መድኃኒት ሰጡኝ፣ ከረጢቱ ላይ ስምሽ ተጽፎበታል። ሲያልቅ እናገራለሁ።

አምላክ እጅሽን መሪሽ ላይ ይመልስልኝ፣ ክፉ አይይሽ። ይሄን ወረቀት ግን አንብበሽ ቅደጂው፣ በሞቴ።

ታናሽሽ፣ ድንቢጥሽ